ለድመት እንቁላል አሰጣጥ፦ ለጤነኛዋም፣ ኩላሊቷን ለታመመችውም

«ድመቴ እንቁላል ብትበላ ይጎዳታል?» የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ይብሳል። ቤት ውስጥ ሥጋ አይሠራም፣ ድመቷ ግን አትጾምም። ሌላው ጥያቄ ያረጀች ድመት ካላቸው ሰዎች ይመጣል፦ «ሐኪሙ ኩላሊቷ ደክሟል አለኝ። እንቁላል ልስጣት ወይስ ልከልክላት?» ለሁለቱም በየተራ ከመመለስ ሁሉንም እዚህ ላስቀምጠው።

አጭሩ መልስ ይኸው፦ በደንብ የበሰለና ምንም ያልተጨመረበት እንቁላል በትንሹ ይሰጣል። ኩላሊቷን ለታመመች ድመት ግን ነጩንና አስኳሉን እንደ ሁለት የተለያዩ ምግቦች ቁጠሯቸው። ነጩ ብዙ ጊዜ ይጠቅማታል፤ አስኳሉ ሊጎዳት ይችላል። ለምን እንደሆነ ከታች እናየዋለን።

ወደ አሠራሩ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ። እንቁላል ተጨማሪ ምግብ እንጂ ዋና ምግብ አይደለም። ድመት ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ከምትበላው ማግኘት አለባት፤ ሰውነቷ በበቂ መጠን መሥራት አይችልም። ታውሪን ሥጋና ዓሣ ውስጥ አለ። እንቁላል ውስጥ ያለው ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ለረጅም ጊዜ ያጣች ድመት ልቧ ይደክማል፣ ዓይኗም እስከ መታወር ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ 55ቱን የሁዳዴ ቀናት በእንቁላልና በእንጀራ ማሳለፍ አይሆንም። የተዘጋጀ የድመት ምግብ ወይም ለእሷ ብቻ የሚቀቀል ሥጋ አስቀድማችሁ አስቡላት። ለጤነኛ ድመት ሥጋ ስትቀቅሉ መረቁንም ስጧት፤ ታውሪን ውኃ ውስጥ ስለሚሟሟ መረቁ ሲደፋ አብሮ ይሄዳል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አንድ ያልተሰነጠቀ እንቁላል
- ትንሽ ድስት ከነክዳኑ
- ሹካና ሳህን
- የሻይ ማንኪያ (መለኪያችሁ ይኼ ነው)
- ፍሪጅ ውስጥ የሚቀመጥ ክዳን ያለው ዕቃ
- ለኩላሊት ሕመምተኛዋ፦ ወንፊት፣ የሰው መመዘኛ ሚዛንና የመጨረሻው የደም ምርመራ ውጤት

ጨው፣ ዘይት፣ ቅቤ፣ ወተት፣ ሽንኩርት፣ በርበሬ አያስፈልጉም። ከነዚህ አንዱም እንዳይገባበት።

ለጤነኛ ድመት

1. እንቁላሉን ምረጡ። የተሰነጠቀውን ተዉት፤ በስንጥቁ በኩል ባክቴሪያ ይገባል። ትኩስ መሆኑን ለማወቅ ውኃ ውስጥ አስገቡት። ከሰመጠ ደህና ነው፤ ከተንሳፈፈ አርጅቷል። ይህ ሙከራ ግን ዕድሜውን ብቻ ነው የሚነግራችሁ። ትኩስ እንቁላልም ሳልሞኔላ የሚባል ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል። ኩስ ካለበት ልትቀቅሉት ስትሉ እጠቡት። አጥቦ ማስቀመጥ ጥሩ አይደለም፤ ቅርፊቱን የሚሸፍነው የተፈጥሮ መከላከያ ስለሚነሣ ጀርም በቀላሉ ያልፋል። የሐበሻም ሆነ የፈረንጅ እንቁላል ለድመቷ አንድ ነው። የሐበሻው አነስ ስለሚል መጠኑን በማንኪያ እንጂ በፍሬ አትቁጠሩ።

2. እስኪጠነክር ቀቅሉት። ከሁሉም በላይ ይህን እርምጃ አትዝለሉ። ጥሬ ነጭ ውስጥ አቪዲን የሚባል ፕሮቲን አለ። አቪዲን ባዮቲን የተባለውን ቪታሚን ይይዝና ሰውነቷ እንዳይጠቀምበት ያደርጋል። ጥሬ እንቁላል አዘውትራ የምትበላ ድመት ቆዳዋና ፀጉሯ ይጎዳል። ሙቀት ግን አቪዲንን ያከሽፈዋል። ሳልሞኔላንም ይገድላል፤ ይህ ለእናንተም ይጠቅማል፤ ድመቷ ምንም ሳይታይባት በኩሷ በኩል ጀርሙን ለሕፃናትና ለአረጋውያን ልታስተላልፍ ትችላለች። የበሰለው ነጭ ደግሞ ከጥሬው በተሻለ ይፈጭላታል።

እንቁላሉን በቀዝቃዛ ውኃ ጥዳችሁ ውኃው መፍላት ከጀመረ በኋላ ሰዓት ያዙ። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። በዚህ ምክንያት ከ13 እስከ 15 ደቂቃ ስጡት። ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ ላላችሁ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ይበቃል። ለሁለት ስትቆርጡት የአስኳሉ መሐል ደረቅና የሚፈረፈር መሆን አለበት። እርጥብ ከሆነ መልሳችሁ ቀቅሉት።

መጥበስስ? ያለ ዘይት፣ በማይዝ መጥበሻ ከሆነ ይቻላል። ዘይት ወይም ቅቤ ካስፈለገ ግን ተዉት። ትርፍ ቅባት ሆዷን ያውካል፣ ካሎሪውንም ያበዛዋል።

3. አቀዝቅዛችሁ ላጡት። ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ሲቆይ ቅርፊቱ በቀላሉ ይለቃል። ከላጣችሁ በኋላ በውኃ አለቅልቁት። የቅርፊት ስባሪ ሹል ነው፤ አፏንና ጉሮሮዋን ሊቧጥጥ ይችላል።

4. አድቅቁት። የተቀቀለ ነጭ ላስቲክ ነው የሚመስለው፣ ድመት ደግሞ ቆርጣ ትውጣለች እንጂ ብዙ አታኝክም። ትልቅ ቁራጭ ሊያንቃት ይችላል። በሹካ በደንብ አድቅቁና አንድ የሻይ ማንኪያ ለብ ያለ ውኃ ጨምሩበት። ውኃው ሽታውን ያወጣዋል፤ ውኃ መጠጣት ለሚከብዳት ድመትም ጥቂት ፈሳሽ ያስገባላታል።

5. መጠኑን ወስኑ። አራት ኪሎ ገደማ የምትመዝን አዋቂ ድመት በቀን ከ200 እስከ 250 ካሎሪ ያስፈልጋታል። ከዋናው ምግብ ውጪ የሚሰጥ ማንኛውም ነገር ከዚህ አንድ አሥረኛውን እንዳያልፍ ይመከራል፤ ማለትም ከ20 እስከ 25 ካሎሪ። አንድ ትልቅ እንቁላል 70 ካሎሪ ያህል አለው። እንግዲህ አንድ ሙሉ እንቁላል ለአንዲት ድመት ብዙ ነው። ሲሶው ይበቃታል፤ ሲደቅቅ አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል ይሆናል። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ስጧት። ወፍራም ድመት ካለቻችሁ ከዚያም ቀንሱ። ለግልገል፣ ጠጣር ምግብ መብላት ከለመደ፣ የአተር ፍሬ የምታህል ብቻ።

6. መጀመሪያ አስቀምሷት። በመጀመሪያው ቀን ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሰጥታችሁ ሁለት ቀን ጠብቁ። በነዚያ ቀናት ሌላ አዲስ ምግብ አታስገቡ፤ አለበለዚያ ችግሩን ያመጣው የቱ እንደሆነ አታውቁም። እንቁላል የማይስማማቸው ድመቶች አሉ። ማስታወክ፣ ተቅማጥ፣ ወይም ፊቷንና አንገቷን አብዝታ ማከክ ካያችሁ አቁሙ።

7. የተረፈውን አንሡ። ሳህኗ ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ። ሞቃት አገር ከሆናችሁ አንድ ሰዓት ይበቃል። ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ እስከ ሦስት ቀን ይቆያል። መብራት ጠፍቶ ለሰዓታት ከቆየ ጣሉት፤ አንድ እንቁላል ከአንድ የሐኪም ጉብኝት ይረክሳል። ከፍሪጅ የወጣውን ሙቅ ውኃ ላይ በተቀመጠ ሳህን ለብ አድርጉት። ቀዝቃዛ ምግብ ሽታው ስለሚጠፋ ብዙ ድመቶች አይነኩትም።

ኩላሊቷን ለታመመች ድመት

የኩላሊት ሕመም በዕድሜ በገፉ ድመቶች ላይ በብዛት የሚታይ ነው። ብዙ ውኃ መጠጣት፣ ብዙ መሽናት፣ መክሳት፣ የፀጉር መጎሳቆልና ምግብ መጥላት የተለመዱ ምልክቶቹ ናቸው። እነዚህን ካያችሁና ገና ካልተመረመረች መጀመሪያ አስመርምሯት። እንቁላል ሕክምና አይደለም።

አሁን የነጩና የአስኳሉ ጉዳይ። ጤነኛ ኩላሊት ፎስፈረስ የሚባለውን ማዕድን ትርፉን በሽንት ያስወጣል። የደከመ ኩላሊት ግን አይችልም፤ ፎስፈረሱ ደም ውስጥ ይጠራቀማል። የተጠራቀመው ፎስፈረስ የቀረውን ኩላሊት ድካም ያፋጥነዋል፣ አጥንቷንም ይጎዳል። ለዚህ ነው ሐኪሞች ከሁሉ አስቀድመው ፎስፈረስ የሚቀንሱት።

የአንድ ትልቅ እንቁላል ነጭ 3.6 ግራም ገደማ ፕሮቲን ሲኖረው ፎስፈረሱ 5 ሚሊግራም ያህል ብቻ ነው። አስኳሉ 2.7 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው፤ ፎስፈረሱ ግን ከ65 ሚሊግራም ይበልጣል። ለኩላሊት ሕመምተኞች የተዘጋጀ ምግብ የምትበላ አራት ኪሎ ድመት በቀን የምታገኘው ፎስፈረስ በግምት 200 ሚሊግራም ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ነው። አንድ አስኳል ብቻውን የዚያን ሩብ ወይም ሲሶ ይጨምርባታል።

«እንቁላል ከሥጋ ይሻላል» የሚባለውም ለዚህች ድመት በከፊል ነው እውነት የሚሆነው። ለእያንዳንዱ ግራም ፕሮቲን ሲሰላ፣ ሙሉ እንቁላል ከዶሮ ሥጋ ይልቅ ብዙ ፎስፈረስ አለው። ከዶሮም ከዓሣም የሚያንሰው ነጩ ብቻ ነው።

8. ሐኪሟን ጠይቁ። የመጨረሻውን የደም ውጤት ይዛችሁ ሂዱና እንዲህ በሉ፦ «ፎስፈረሷ ስንት ደርሷል? ካልሲየሟስ? አሁን ከምትበላው ላይ በቀን አንድ የሻይ ማንኪያ የበሰለ የእንቁላል ነጭ ብጨምርላት ይስማማል?» ሕመሙ ከ1 እስከ 4 በደረጃ ይከፈላል። በ2ኛ ደረጃ ላይ ላለች ድመት የሚፈቀደው በ4ኛ ላይ ላለችው ላይፈቀድ ይችላል።

9. ቀቅላችሁ ለዩ። ጥሬውን ለመለየት ከሞከራችሁ አስኳሉ ይፈስና ነጩ ውስጥ ይገባል። ከተቀቀለ በኋላ ግን አስኳሉ ሙሉውን ይወጣል። ነጩ ላይ የተጣበቀውን ቢጫ በውኃ አጥባችሁ አስለቅቁት። አስኳሉን ጤነኛ ድመት ካለች በመጠኑ ስጧት፣ የቀረውን እናንተ ብሉት።

10. በወንፊት አሳልፉት። ነጩን በማንኪያ ጀርባ እየተጫናችሁ በወንፊት ስታሳልፉት ደቃቅ ይሆናል። የኩላሊት ሕመም ያለባት ድመት አፏ ሊቆስል ይችላል፤ ደረቅ ቁራጭ ያማታል። ለብ ያለ ውኃ ጨምራችሁ ለስለስ አድርጉት። ለእነዚህ ድመቶች እያንዳንዷ ጠብታ ውኃ ዋጋ አላት።

11. በዋናው ምግቧ ላይ ጨምሩት፣ አትተኩት። በአንድ የሻይ ማንኪያ ጀምሩ። ሐኪሙ ሌላ ካላለ በቀን ከግማሽ ነጭ አትለፉ። ለኩላሊት የተዘጋጀው ምግብ ፎስፈረሱ ብቻ አይደለም የተስተካከለው፤ ፖታሲየሙ፣ ቪታሚኑ፣ ጨውና ቅባቱም ተለክቷል። ነጩ ይህ ሁሉ የለውም። ፕሮቲን መሆኑንም አትርሱ። ሲበዛ ከፕሮቲን የሚፈጠረው ዩሪያ የሚባል ቆሻሻ በደሟ ውስጥ ይጨምርና ማቅለሽለሹን ያባብስባታል።

ነጩ ሽታ ስለሌለው አልበላም ካለች፣ ከአስኳሉ በጣት ጫፍ የምትያዝ ቁንጣሪ ከላይ በትኑበት። አንድ ግራም አስኳል 4 ሚሊግራም ገደማ ፎስፈረስ ነው ያለው፤ በአስኳሉ ሽታ ታግዛ ነጩን ትበላለች። ይህ ብዙ ጊዜ ይሠራል።

12. መድኃኒት ካላት ቦታውን አስተካክሉ። አንዳንድ ድመቶች ፎስፈረሱን አንጀት ውስጥ የሚይዝ መድኃኒት ይታዘዝላቸዋል። መድኃኒቱ የሚሠራው ፎስፈረስ ካለው ምግብ ጋር ሲገባ ነው። ብዙ ሰው ግን ዱቄቱን ለብቻው በሚሰጥ የእንቁላል ነጭ ውስጥ ይደብቀዋል። ነጩ እዚህ ግባ የሚባል ፎስፈረስ ስለሌለው መድኃኒቱ በከንቱ ይሄዳል። ዋናው ምግቧ ላይ አድርጉት። ሌሎች ክኒኖችን በእንቁላል መስጠት ይቻላል፤ በባዶ ሆድ የሚወሰዱ ስላሉ ግን ጠይቃችሁ ይሁን።

13. ክብደቷን በየሳምንቱ መዝግቡ። ድመቷን አቅፋችሁ ሚዛን ላይ ውጡ፣ ከዚያ ብቻችሁን ተመዘኑና ቀንሱ። ከሳምንት ሳምንት እየቀነሰች ከሄደች እንቁላል መጨመር መፍትሔ አይሆንም፤ ሐኪሟ ማወቅ አለበት።

ስለ ቅርፊቱ ለብቻው ልናገር። የእንቁላል ቅርፊት ዱቄት ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ካልሲየም ካርቦኔት ደግሞ በእርግጥ ፎስፈረስ ይይዛል። ይህን ሰምተው ቅርፊት ፈጭተው የሚሰጡ አሉ። እባካችሁ በራሳችሁ አታድርጉት። የደም ካልሲየሟ ከፍ ካለ ኩላሊቱን የበለጠ ይጎዳዋል። ፎስፈረሷም ከፍ ያለ ከሆነ ሁለቱ ተጣምረው በሰውነቷ ሥጋ ውስጥ ይጋገራሉ። ሐኪም በመጠን ካዘዘና ደሟ እየተመረመረ ከሆነ ብቻ ነው የሚሰጠው።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስሕተቶች

*የዶሮ ወጥ እንቁላል።* ለፋሲካ ማግስት የሚደርሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለዚህ ናቸው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴሎች ይሰባብራሉ። ቢበስሉም፣ ቢደርቁም፣ ዱቄት ቢሆኑም መርዝነታቸው አይጠፋም። «አጥቤ ሰጠኋት» የሚለውም አያዋጣም። የዶሮ ወጥ እንቁላል ወጡ እንዲገባበት ይተለተላል፤ ቁሌቱ ውስጡ ገብቷል። ለእሷ የምትሰጡትን ወጥ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ለዩላት።

*እንቁላል ፍርፍር ከቁርስ ሳህን ላይ።* ያው ሽንኩርት ነው፤ ቃሪያና ዘይት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። የተነጠረ ቅቤም ነጭ ሽንኩርት የገባበት መሆኑን አትርሱ። የሽሮ ፍርፋሪም እንዲሁ።

*ጥሬ እንቁላል «ለፀጉሯ ማማር»።* ከላይ እንዳየነው ውጤቱ የተገላቢጦሽ ነው።

*እንቁላል በወተት።* አብዛኞቹ አዋቂ ድመቶች የወተቱን ስኳር መፍጨት አይችሉም፤ ያስቀምጣቸዋል። ለኩላሊት ሕመምተኛዋ ተቅማጥ ማለት ውኃ ማጣት ነው፣ እሱም ሕመሟን ያብሰዋል።

*በጠርሙስ ወይም በካርቶን የሚሸጥ የእንቁላል ነጭ።* ውጭ አገር ያላችሁ ይህን ትጠይቁኛላችሁ። ጀርሙ በሙቀት ተገድሏል፤ ያ ሙቀት ግን ለአቪዲኑ አይበቃም። አብስሉት። ጨው ወይም ሌላ ነገር እንዳልተጨመረበትም መለያውን አንብቡ።

*ፕሮቲን ጨርሶ መከልከል።* «ኩላሊት ታማለች» ሲባሉ ሥጋውንም ሁሉንም አቁመው እንጀራ ብቻ የሚሰጡ አሉ። ድመት ፕሮቲን ስታጣ የራሷን ጡንቻ ነው የምትበላው። የሚፈለገው ጥራት ያለው፣ ፎስፈረሱ ያነሰ፣ መጠኑ የተለካ ፕሮቲን ነው።

*በረሃብ ማስገደድ።* አዲሱን የኩላሊት ምግብ አልበላም ስትል «ሲርባት ትበላዋለች» ብላችሁ አትጠብቁ። ድመት ለሁለትና ሦስት ቀን ካልበላች ስብ ጉበቷ ውስጥ ተከማችቶ ሊገድላት ይችላል። የድሮውን ምግብ ከአዲሱ ጋር እያደባለቃችሁ ቀስ በቀስ አሸጋግሯት፤ የእንቁላል ነጩም እዚህ ላይ ያግዛችኋል።

ሐኪም ዘንድ ሳትዘገዩ የምትሄዱት መቼ ነው?

ሙሉ ቀን ምንም ካልቀመሰች፤ ደጋግማ ካስታወከች፤ ወይም ሽንኩርት ያለበት ነገር ከበላች። የሽንኩርት ምልክት ከጥቂት ቀናት በኋላ ሊመጣ ስለሚችል ድመቷ ደህና መስላ ብትታይም አትጠብቁ። ድዷ መንጣቱ፣ መድከሟና ሽንቷ መጥቆሩ የዘገየ ምልክት ነው። ወንድ ድመት ለመሽናት እያማጠ ሽንቱ እንቢ ካለው ግን ያ የሰዓታት ጉዳይ ነው፤ ሌሊትም ቢሆን ይዛችሁት ውጡ።

ስትሄዱ ምን ያህል እንቁላል፣ በየትኛው ቀን፣ ነጩን ይሁን አስኳሉን እንደሰጣችሁ የጻፋችሁበትን ወረቀት ያዙ። ካስታወከች ፎቶ አንሡት።